መዝገብ የገባው የባትሪ ድንጋይ

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ይሄነው፣ ሻርጃ፤

የግራር አምባው ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድዎ፣ የበረሃውን ፀሐይም ያብርድልዎ። እኔ የአጎትዎ የቄሰ ገበዝ አምላኩ የልጅ ልጅ ማርያማዊት ነኝ። እርስዎ ሲሄዱ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ስለነበር ላያስታውሱኝ ይችላሉ። አሁን በቅለዋል፤ አሥራ አንደኛ ክፍልም ደርሻለሁ፤ ከጓደኛዬ ከሁዳ ጋር መካነ ሰላም ቤት ተከራይተን እንማራለን። አያቴ ደህና ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ድምፃቸው ከግራር አምባ እዚህ ድረስ ይሰማል። ላሚቱ ወልዳለች። ሰላምታ የሚልኩልዎ ሌሎች አሥራ አራት ሰዎች አሉ፤ ስማቸውን ብዘረዝር ወረቀቱ ስለሚያልቅ በጅምላ ይቀበሉልኝ።

ይህን በስልክ ባወራዎ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር። አያቴ ግን «የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ነገር በወረቀት እንጂ በአየር አይሄድም» ብለው ከለከሉኝ። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በደሴ አውቶቡስ ሾፌር እጅ ይወጣና ወደ እናንተ አገር የምትመጣ ልጅ እስክትገኝ ይጠብቃል። እስኪደርስዎ ላሚቱ ትደግማለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቁልፍ ማንጠልጠያ ላይ የምትታሰረው አውራ ጣት የምታህል ባትሪ በመስከረም ደርሳለች። የሚካኤል ዕቃ ቤት መስኮት እንደሌለው ያውቃሉ። ካቻምና ሻማ የመጋረጃውን ጫፍ ከበላ ወዲህ ደግሞ እሳት ይዞ መግባት ተከልክሏል። አያቴ በዳሰሳ ሲያወጡ ሲያስገቡ ከርመው፣ አምና ለጥምቀት የፍትሐቱን ጥቁር ካባ ይዘው ወጡ። ሕዝቡ ማን ሞተ ብሎ ደነገጠ።

እና ባትሪዋ ስትመጣ ደስታቸው ወሰን አጣ። ከዕቃ ቤቱ ቁልፍ ጋር አንገታቸው ላይ አሰሯት። «ይሄነው ከአርባ ባትሪ መርጦ በደመወዙ ገዝቶ ለሚካኤል ሰጠ» የሚለው ደብዳቤዎ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝብ ተነበበ፤ እልልም ተባለ። ባትሪዋ ጠበል ተረጨች። የሰበካው ጸሐፊ አቶ ብዙነህም በመዝገብ «አንድ የእጅ ባትሪ ከነድንጋዩ» ብለው ጻፉ፤ የጉባኤው አባላት በሙሉ ፈረሙ።

ድንጋዩ ግን መዝገብ መግባቱን አላወቀም መሰለኝ፣ በስድስት ሳምንቱ ሞተ።

የሁዳ አባት ጋሽ ጀብሪል ሱቅ ሄጄ ጠየቅሁ። ሁለት ዓይነት አለ አሉኝ፤ አንዱ ሪሞት ውስጥ የሚገባው፣ አልቆ የሚጣለው፤ ሌላው ቻርጅ እየተደረገ ዓመታት የሚሠራው። ባትሪዋ የትኛውን እንደምትወድ የገዛት ሰው ያውቃል ብለው ወደ እርስዎ መሩኝ። ሥራ እንዳይበዛብዎ ሁለቱንም ከታች ጽፌያለሁ፤ አንዱን ከበው ይመልሱልኝ።

የሚሞላ        የሚጣል

መልስዎን በመጠበቅ ጨለማ ውስጥ ያለችው፣
ማርያማዊት


ሻርጃ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማርያማዊት፤

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ከሥራ ብዛት በቀር የሚጎድለኝ የለም። አጎቴን ጉልበታቸውን በለጋ ቅቤ እሹላቸው። ሰላምታ የላኩትን አሥራ አራት ሰዎች በስም ባለመጻፍሽ ግን አዝኛለሁ፤ ሰው በጅምላ ሰላም አይባልም።

ደብዳቤሽን ደስ ብሎኝ አነበብኩት። ቀልድ በዝቶበታል። በእኛ ጊዜ ልጅ ለታላቁ ሲጽፍ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስለ ጠየቅሽኝ ጉዳይ ሰፋ አድርጌ ላስረዳሽ። ያቺ ባትሪ ዝም ብላ የተገኘች እንዳትመስልሽ። ሦስት ቀን ሙሉ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ፣ ይህቺ ከበደች፣ ይህቺ ፈዘዘች እያልኩ ከአርባ ዓይነት መሐል የለየኋት ናት። ነጋዴው ራሱ «አንተ ዓይን አለህ» ብሎኛል። ሰው ዕቃ ሲገዛ ዛሬን ሳይሆን ነገን ማሰብ አለበት። እዚህ በሠለጠነው አገር ደግሞ የሚጣል ነገር የለም፤ ሁሉም ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላል። ይህን ካሰብሽ መልሱን ራስሽ ታገኚዋለሽ።

ለማንኛውም ሁለት የሚሞሉ ድንጋዮች ከነቻርጀራቸው ልኬልሻለሁ፤ ሞክሪያቸው። ባትሪዋ ለጊዜው ናት። ወደፊት ለመላው ቤተ ክርስቲያን የሚበቃ ሶላር አስባለሁ። ይህን ለአጎቴም ለሕዝቡም ንገሪልኝ።

በመዝገቡ ላይ ስሜ እንዴት እንደተጻፈ፣ የአባቴ ስም ከነማዕረጉ መግባት አለመግባቱን አጣርተሽ አሳውቂኝ።

አጎትሽ ይሄነው


መካነ ሰላም፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ይሄነው፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ስምዎ በመዝገቡ ከነአባትዎ በትልቁ ተጽፏል። ቁም ጽሕፈቱ ያምራል፤ ከባትሪዋ ይልቅ እሱ ያበራል።

ከሁለቱ ቃላት አንዱን አልከበቡልኝም። ወረቀቱን ገልብጬ ሁሉ አየሁት።

አሁን የሆነውን ልንገርዎ፤ ቁጭ ብለው ያንብቡት። ድንጋዮቹ ሲደርሱ እቤቴ ደብቄ ቻርጅ ላደርጋቸው ነበር ሐሳቤ። ሾፌሩ ግን ለአያቴ ቀድሞ አበሠራቸው። መጡ፣ ወሰዷቸው፣ ጠበል አስረጯቸው። አቶ ብዙነህም «ሁለት የሚሞሉ ድንጋዮች ከነመሙያቸው» ብለው መዘገቡ። አንድ ዕቃ መዝገብ ከገባ ደግሞ ያለ ቄሰ ገበዙ ከቅጥሩ አይወጣም፤ ይህ የደብሩ ሥርዓት ነው። ግራር አምባ መብራት የለም። ቀጥሎ የሚመጣውን ገምተውታል።

አያቴ ድንጋዮቹን በመሐረብ ጠቅልለው፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ እንዳሰሩ፣ የሁለት ሰዓት መንገድ በዚያ ጉልበታቸው ተጉዘው መካነ ሰላም ገቡ። የቻርጀርዎ እግር ሦስት ነው፤ እያንዳንዱ የበሬ ጥርስ ያክላል፣ የእኛ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ፀጉር አስተካካዩ አካሉ ብቻ ለሦስት እግር የሚሆን ማስገቢያ አለው ተባለና እዚያ ሄዱ። የአካሉ ሶኬት ያለው መስተዋቱ ሥር ነው። መስተዋቱ ፊት ያለው ወንበር አንድ ነው። አያቴ ከነጥምጥማቸው እሱ ላይ ተቀመጡ፤ ድንጋዮቹን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ሲጠብቁ ዋሉ። የመጣው ደንበኛ ሁሉ ቄሱ ሊስተካከሉ ነው ብሎ ተራ ይይዛል፤ አካሉ ይለማመጣል፤ እሳቸው ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ተመለሰ።

በምሳ ሰዓት ከትምህርት ቤት ስመጣ አየኋቸው። እኔ እጠብቃቸዋለሁ፣ እርስዎ ወደ ደብርዎ ይሂዱ ብዬ ለመንኳቸው።

«አንቺ መዝገብ ላይ የለሽም» አሉኝ።

በዚያው ቀን ጠዋት እማሆይ ወርቅዬ፣ የሰበካው ሊቀ መንበር የአቶ ኪዳነማርያም እናት፣ ግራር አምባ ላይ አርፈዋል። መስቀሉ፣ ድባቡ፣ ካባው ሁሉ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል። ቁልፉ አካሉ ወንበር ላይ ነው። መልእክተኛው አያቴን አግኝቶ ይዞ ሲመለስ፣ እማሆይ ከጎረቤት ደብር በተለመነ መስቀል ተቀብረው ሕዝቡ ወደ ቤቱ እየተበተነ ነበር። አያቴ መቃብሩ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ አመሹ። ድንጋዮቹ የሞሉት ግማሽ ነው።

 አቶ ኪዳነማርያም ከአርባው በኋላ የቁልፉ ነገር ጉባኤ ይቀርባል ብለዋል። አያቴ ይህን ቁልፍ ሠላሳ አንድ ዓመት አንገታቸው ላይ አድርገው ኖረዋል፤ ገላቸውን ሲታጠቡ እንኳ አያወልቁትም። ከወረደባቸው ምን እንደሚቀራቸው እኔ አላውቅም።

እባክዎ አሁንስ ቁርጡን ይጻፉልኝ። የሚጣለውን ልግዛ?

ማርያማዊት


ሻርጃ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማርያማዊት፤

ለመልካሙ በዓል ያድርሳችሁ። የእማሆይን ነፍስ ይማር።

ድንጋይ ሲሞላ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ከዚህ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ዕቃ የላክሁት ሥራ እንዲያቀል እንጂ ሰው እንዲያስር አልነበረም። እናንተ አገር ምንም ቢላክ ችግር ይሆናል። የሚጣለውን ግዙ፣ ሲያልቅ ጣሉት፣ በቃ። ይህ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ነገር አልነበረም።

የቁልፉ ጉዳይ የሰበካው ነው፤ ከዚህ ሆኜ ምን ማድረግ እችላለሁ? ሶላሩም ለዘንድሮ የሚሆን አይመስለኝም፤ ለሕዝቡ ነግረሽ ከሆነ ጥቂት እንዲታገሡ አድርጊ።

ይሄነው


መካነ ሰላም፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ይሄነው፤

ጤና ይስጥልኝ። ሶላሩን ለሕዝብ ነግሬያለሁ። እርስዎ ንገሪ ስላሉኝ።

የሚጣል ድንጋይ መልስዎን ሳንጠብቅ በመጋቢት ገዛን። መጣል ግን አልተቻለም።

መዝገቡ «ከነድንጋዩ» ስለሚል ባትሪዋ ውስጥ የገባ ድንጋይ ሁሉ የሚካኤል ሆነ። የሚካኤል ዕቃ ደግሞ አይጣልም። እኔ ሬሳውን ምን ያደርጉታል አልኩ፤ አያቴ ተቆጡ። መጀመሪያ አጥር ላይ ፀሐይ አሞቁት። ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ በየተራ ነከሱት፤ ድንጋይ ሲነከስ ትንሽ ነፍስ ይዘራል ይላሉ፣ ከእነሱ ግን ነካሽ ጥርስ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሳይነሳ ሲቀር በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ አድርገው ዕቃ ቤት መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። ጋሽ ጀብሪል የሸጡልን ድንጋይ አሮጌ ኖሯል፤ «ወላሂ አላየሁትም፣ አብሽሪ እቀይርልሻለሁ» አሉ። የሞተውን ሳትመልሺ አልቀይርም አሉ እንጂ። የሞተውን እንዴት ልመልስ?

ጣሳው ውስጥ ሰባት ሆኑ። ከዚያ ድንጋዮቹ አለቀሱ። ነጭ አረፋ አውጥተው፣ ጣሳውን በልተው፣ ከሥር ያለው የድባቡ ከፋይ ላይ ወረዱ። መዳፍ የሚያክል ቦታ ተበላ። ለዳግም ትንሣኤ ድባቡ ሲዘረጋ መጀመሪያ ያዩት አቶ ኪዳነማርያም ናቸው።

ጉባኤው ለሐምሌ 12 ተቆረጠ። አቶ ኪዳነማርያም የተናገሩት ቃል ይህ ነው፤ ችግሩ እስከዚያ ከሥሩ ካልተነቀለ ቁልፉ ይወርዳል።

አያቴን ከሥሩ የሚነቅለው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ሁለት ቀን አስበው መለሱልኝ። መዝገብ የገባን ነገር ሊያስለውጥ የሚችለው የሰጪው ቃል ብቻ ነው። ሰጪው በእጁ «የሰጠሁት ባትሪውን ብቻ ነው፣ ድንጋዩ ስጦታ አይደለም» ብሎ ቢጽፍ ድንጋዮቹ ከመዝገብ ይወጣሉ። ሕያዋኑን እኔ ጋ ቻርጅ አደርጋቸዋለሁ፣ ሙታኑም ይጣላሉ።

ሁለት መስመር ነው ጋሼ። ሶላሩ ይቅር። ከአርባ መሐል መምረጥዎንም እንደገና አይንገሩኝ። አያቴ ማታ ማታ ቁልፉን በእጃቸው ይዘው ነው የሚተኙት፤ ሰው የሚወስድባቸው ይመስል። እኔ በዚህ ደብዳቤ ቀልድ ልጽፍ ፈልጌ አልመጣልኝም።

ማርያማዊት


ሻርጃ፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማርያማዊት፤

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ይህን ደብዳቤ የዱባዩን በረራ ለምትሳፈር ልጅ ሮጬ ነው የምሰጣት፤ እስከ ሐምሌ 12 እንዲደርስ ሚካኤል ራሱ ይያዘው።

ሁለቱን መስመር አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀደድኩት። ባትሪውን ብቻ ሰጠሁ ብዬ ብጽፍ በአንዱ ውሸት ላይ ሌላ መጨመር ነው የሚሆነው።

እኔ የሕንፃ ጥበቃ ነኝ። አንድ ተከራይ ቤቱን ሲለቅ የማይፈልገውን በከረጢት አድርጎ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ጣለው። የተሰበረ ካውያ ነበረበት፣ አሮጌ ጫማ ነበረበት፣ ባትሪዋም ነበረችበት። ስጫናት በራች። ከአርባ አልመረጥኳትም፤ አንድ ብቻ ነበረች። ነጋዴ ዓይን አለህ አላለኝም። ውስጧን ከፍቼ ስለማላውቅ የምትፈልገውን ድንጋይ አላውቅም፤ ያልከበብኩልሽም ለዚህ ነው።

የራሴ ያልሆነውን፣ ሰው የጣለውን ነገር ነው ለሚካኤል ሰጠሁ ያልኩት። ጠበል ረጫችሁ ስትይኝ ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያልተሰጠ ነገር መዝገብ ሊገባ አይችልም፤ ከነድንጋዩ ይሰረዝ። ሁለቱን የሚሞሉ ድንጋዮችና ቻርጀሩን በገንዘቤ ገዝቻለሁ፤ እነሱ ግን በስምሽ የላክኋቸው ያንቺ ናቸው እንጂ የቤተ ክርስቲያን አይደሉም። ይህንንም አንብቢላቸው።

እልል የተባለልኝ በሕዝብ ፊት ስለሆነ ይህም በሕዝብ ፊት ይነበብ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምን ይዤ ልግባ እያልኩ ነው የቀረሁት። አሁን ደግሞ በምን ፊቴ።

ይሄነው


መካነ ሰላም፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ይሄነው፤

ሰላምታ ሰጪዎቹ ሃያ ሁለት ደርሰዋል። በስም ልጽፋቸው ነበር፤ እየተሻሙ አስቸገሩኝ።

ደብዳቤዎ ሐምሌ 11 ከሰዓት ደረሰ። የግራር አምባን መንገድ በጭቃ ስሮጥ አንድ ጫማዬን በጠስኩ። በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው ዋርካው ሥር ተቀመጠ፤ አያቴ ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አድርገው ቆሙ። ቁልፉ የኖረበት አንገታቸው ላይ ነጭ መስመር አለ፤ እስከዛሬ አይቼው አላውቅም ነበር።

አነበብኩ። ካውያው ጋ ስደርስ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሰው ዞሮ ሲያየው ዝም አለ። እስከ መጨረሻው አነበብኩት።  አቶ ብዙነህ መዝገቡን ገልጠው የራሳቸውን ጽሕፈት ያያሉ። ከሥሩ የሁሉም ፊርማ አለ፤ የአቶ ኪዳነማርያም የመጀመሪያው ነው።

አቶ ኪዳነማርያም አያቴን ጠየቋቸው።

«ቄሰ ገበዝ፣ ያን ቀን ዕቃው የቆሻሻ መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ አካሉ ቤት ጥለውት ይመጡ ነበር?»

«ለእማሆይ? ጉልበቴ ይሰበር እንጂ እሮጥ ነበር።»

አቶ ኪዳነማርያም መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከዚያ «እናቴን የደብሯን መስቀል ያሳጣት እኛ የፈረምንበት ወረቀት ነው» አሉና እስክሪብቶ ተቀብለው ሁለቱንም መስመር ራሳቸው ሰረዙ። ቁልፉን በጣታቸው ወደ አያቴ ገፉት። አያቴ ማሰር አቃታቸው። እኔ አሰርኩላቸው።

ባትሪዋ አሁን የማንም ስላልሆነች እኔ ወስጃታለሁ። አቶ ብዙነህ «የተገኘ ዕቃ» ብለው ሊመዘግቧት እስክሪብቶ ሲያነሱ ከጠረጴዛው ነጥቄ ሮጥኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለአያቴ አውሳቸዋለሁ፣ እሑድ ይመልሳሉ። አንዱ የሚሞላ ድንጋይ ውስጧ ሲሠራ ሌላው ከአካሉ በተዋስነው ማስገቢያ እኔና ሁዳ ጋ ይሞላል። ባትሪዋ ሁለቱንም ዓይነት ትወስዳለች፤ ጋሽ ጀብሪል ከፍተው ውስጧ ያለውን ጽሑፍ አንብበው በአንድ ደቂቃ አረጋገጡልኝ። ስምንት ወር ሙሉ ድንጋይ ሲቀያየር ጽሑፉን ያነበበ ሰው አልነበረም። እኔንም ጨምሮ፤ ይህን ለማንም እንዳይነግሩብኝ።

የድባቡን ከፋይ ሴቶቹ እየጠገኑት ነው።

አያቴ ቅር ብሏቸዋል። ሁለት ቀን ስምዎን አላነሱም። ዛሬ ጠዋት ግን ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ አሉኝና ይህን አስጻፉኝ፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም፦

«ይሄነው፣ በሰው ፊት ያስነበብከውን ሰማሁ። ከባትሪው ይልቅ እሱ ለሚካኤል ይቆጠርልሃል። ምን ይዤ ልግባ አልክ። እኔ ሰማንያ ሊሞላኝ ነው፤ በእጅህ የምትይዘውን ልይ ብዬ አይደለም መንገድ መንገድ የማየው። ለመስቀል ባዶ እጅህን ና። አንዲት ነገር ይዘህ ብትገባ ብዙነህ በር ላይ መዝገቡን ይዞ ይጠብቅሃል።»

ማርያማዊት